ሦስት ሲኒ ቡና፣ አንድ ባዶ ጎታ፦ የእህትና የወንድም ምናባዊ ጀብዱ ለልጆች እንዴት ይጻፋል?

ክረምት ሲመጣ የእህቴ ሦስት ልጆች እኔ ጋ ይሰነብታሉ። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «አክስቴ፣ ተረት!» የማውቀውን ሁሉ ስጨርስ የራሴን መፍጠር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ታሪኬ የሚበር ፈረስ ነበረው። የወርቅ ቤተ መንግሥትም፣ የሚናገር ዋርካም ነበረው። ፈረሱ ሳያርፍ ልጆቹን እንቅልፍ ወሰዳቸው። በማግስቱ ማታ ግን ታሪኩ ውስጥ ያሉትን እህትና ወንድም በአንድ ቁራጭ ዳቦ አጣላኋቸው። ሦስቱም ተነሥተው ተቀመጡ። «ከዚያስ? ማን ወሰደው?»

ይህ መመሪያ ከዚያች ማታ የተወለደ ነው። ምትሃታዊው ዓለም የቱንም ያህል ቢያምር፣ አድማጩን ልጅ የሚይዘው ወደዚያ የገቡት ልጆች እርስ በርስ ያላቸው ነገር ነው። ጥላቸው፣ ቅናታቸው፣ በቃል የማይወጣው መዋደዳቸው። ዓለሙ የሚያስፈልገው ያንን ለመፈተን ነው። ስለዚህ የማሳያችሁ መንገድ ከልጆቹ ይነሣና ወደ ዓለሙ ይሄዳል። እንዲጨበጥ አንድ ታሪክ አብረን እንገነባለን።

መጀመሪያ ልጆቹ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ካርታ በመሳል ነው። ካርታውን አቆዩት። ደብተር ክፈቱና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ስጡ። የፀጉሩን ዓይነትና የልብሱን ቀለም አትጻፉ። ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚፈራ ጻፉ። ከዚያ ከሁሉም የሚበልጠውን ጥያቄ መልሱ፦ ይህ ልጅ ከእህቱ ወይም ከወንድሙ የተነሣ ምን አጣሁ ብሎ ያምናል?

የእኛ ታሪክ ልጆች ሦስት ናቸው። ሰብለ 12 ዓመቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትሰማው ዓረፍተ ነገር «አንቺ ትልቅ ነሽ፣ ተይለት» የሚል ነው። ኳሱን ትታለች። የመስኮቱን ወንበር ትታለች። አንድ ቀን ብቻ ትልቅ ባትሆን ትመኛለች። ዮናስ 9 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት ስሙ «የሰብለ ወንድም» ነው። የእሷን አሮጌ ቦርሳ ይይዛል። በአንድ ነገር፣ በማንኛውም ነገር፣ ብቻውን ማሸነፍ ይፈልጋል። ሚጡ 5 ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ ትጠይቃለች። መልሱ ሁልጊዜ «ዝም በይ፣ አይገባሽም» ነው።

ለምን ሦስት? ሁለት ልጆች ሲሆኑ ነገሩ ሁሉ ጉተታ ይሆናል። አራት ሲሆኑ አንዱ ይረሳል፤ አድማጩ ደግሞ የተረሳውን ልጅ አይረሳም። ሦስት ሲሆኑ ሁልጊዜ ሁለት ለአንድ ነው፤ ያ አንድ ደግሞ ከምዕራፍ ምዕራፍ ይለዋወጣል።

አሁን ጥል ስጧቸው። ጥሉ ትንሽ ይሁን፣ ግን በእጅ የሚዳሰስ ነገር ይኑረው። ዮናስ የአያታቸውን ሲኒ ሰብሯል። ማንም አላየውም። አያት የተቆጡት ሰብለን ነው፤ «ትልቅ ሆነሽ እንዴት አታይም?» ብለው። ዮናስ ዝም አለ። ሰብለም እሱ እንደሆነ ታውቃለች። ይህ የተሰበረ ሲኒ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አብሮን ይሄዳል።

አንድ ነገር አደራ። ልጆቹ እንዴት እንደሚጠራሩ አሁኑኑ ወስኑ። በእኛ ቤት አጠራር ብዙ ይናገራል። ሚጡ ታላቅ እህቷን በስሟ አትጠራትም፤ «እትዬ» ነው የምትላት። ዮናስ ግን የዕድሜ ልዩነታቸው ትንሽ ስለሆነ «ሰብለ» ይላታል፤ ሲናደድ ደግሞ ስሟን እንደ ድንጋይ ይወረውረዋል። ይህን አሁን እንደ ቀላል ነገር ዝሩት። ኋላ ታሪኩን የሚያድነው እሱ ነው።

አዋቂዎቹ የት ይሂዱ?

ልጆች ጀብዱ ውስጥ የሚገቡት ብቻቸውን ሲሆኑ ነው። ቀላሉ መንገድ ወላጆቹን መግደል ነው፤ እኔ አልወደውም። የአምስት ዓመት ልጅ ለእናቷ ሞት ስትጨነቅ ምትሃቱን አትሰማም። ደግሞም የእኛ ቤት ባዶ አይሆንም። አክስት አለች፣ ጎረቤት አለች፣ ስኳር ልትበደር የመጣች አለች።

ስለዚህ አዋቂዎቹን እዚያው ቤት ውስጥ አስቀምጧቸውና ሥራ አስይዟቸው። ለዚህ ከቡና የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ቡና ሲፈላ አዋቂ ሁሉ አንድ ክፍል ይሰበሰባል። ወሬው ይደራል። ልጆች «ወጣ ብላችሁ ተጫወቱ» ይባላሉ። ከዚህ በላይ ደግሞ ቡና ሰዓት አለው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ይህን ሰዓት ለታሪካችን እንውሰደው። እዚህ አንድ ዙር ቡና ሲጠጣ እዚያ አንድ ቀን ያልፋል። በረካ ከመጠጣቱ በፊት ያልተመለሰ ልጅ እዚያው ይቀራል። አድማጩ ልጅ ሰዓት ማንበብ ባይችል እንኳ የቡናውን ሽታ ያውቃል። ምትሃታዊው ዓለም ውስጥ ሆነው ድንገት የዕጣን ሽታ ሲመጣላቸው «ወይኔ፣ ቶና ደረሰ!» ብሎ ራሱ ይጮኻል።

በሩ

በር ስትመርጡ ሁለት ነገር ጠይቁ። ለምን እዚህ ሆነ? ለምን ዛሬ ተከፈተ? «ምትሃት ስለሆነ» መልስ አይደለም።

የእኛ ታሪክ ደብረ ታቦር አካባቢ፣ አያት ቤት ነው። ቀኑ ጳጉሜ 3 ነው። ጓዳው ውስጥ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ትልቅ ጎታ ቆሟል። በሌላ ጊዜ በእህል ይሞላል። ክረምቱ ሲያልቅ ግን ያለፈው ዓመት እህል ተበልቷል፤ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ነው። ጎታው በዓመቱ ውስጥ ባዶ የሚሆነው በዚህ ወቅት ነው። ጳጉሜ ራሷ ደግሞ ከወር ያነሰች ወር ናት፤ አምስት ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች። ያለፈው ዓመት ሊያልቅ ነው፣ አዲሱ አልገባም። እህልም በሁለት ዓመት መካከል፣ ቀንም በሁለት ዓመት መካከል። በሩ ዛሬ የተከፈተው ለዚህ ነው። ለልጅ ስትነግሩት ጭንቅላቱን ነቅንቆ ይቀበላችኋል።

ቀኑን ጳጉሜ 3 ያደረግሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። የቅዱስ ሩፋኤል ቀን ነው፤ የዚያን ቀን ዝናብ ጸበል ነው ተብሎ ልጆች ወጥተው ይመቱታል። ሚጡም ወጥታ ራሷን አስመታች። አያት ጥላ ዘርግተው ተከትለዋት ወጡና አስገቧት። ይህን ጥላ ያዙልኝ።

ስለ ደኅንነት አንድ ቃል። ልጆች የሰሙትን ይሞክራሉ። ስለዚህ ክዳኑ ሲዘጋ አየር የሚያጥርበት ሳጥን፣ ማቀዝቀዣ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ልጅ ገብቶ የሚዘጋበት ታሪክ አትጻፉ። በእኛ ታሪክ ማንም ጎታ ላይ አይወጣም። ሚጡ ከግርጌው ባለችው የእህል ማውጫ ቀዳዳ እጇን ትሰዳለች። ከውስጥ ነፋስ ይመጣል። ከዚያ አንድ ሰው እጇን ይጨብጣታል። በቃ፣ ሦስቱም እዚያ ናቸው።

አንባቢዎቻችሁ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚያድጉ ልጆች ከሆኑ ጎታውን ላያውቁት ይችላሉ። ጳጉሜም ለእነሱ ዕረፍት አይደለችም፤ ብዙዎቹ ትምህርት ጀምረዋል። ያኔ አያት ለጉብኝት ሲመጡ ሻንጣ ውስጥ የያዟት ሙዳይ በር ትሁን። ሕጉ ግን አይቀየር፤ ባዶ ስትሆን ብቻ ነው የምትከፈተው።

የምትሃቱ ሕግ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስደን እንቆይ። ደካማ ታሪክ የሚበላሸው እዚህ ነው። ምትሃቱ ሁሉን ማድረግ ከቻለ ልጆቹ ምንም ማድረግ አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ምትሃቱ ሕግና ዋጋ ይኑረው። ከሁለት ሕግ በላይ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይበዛል።

ሕጉን ከየት እናምጣ? ከራሳችን ጨዋታ። እንቆቅልሽን አስታውሱ። «እንቆቅልህ?» ይላል አንዱ። «ምን አውቅልህ!» ይላል ሌላው። መልሱ ከጠፋው «ሀገር ስጠኝ» ይባላል። ተሸናፊው «ጎንደርን ሰጠሁህ» ይላል። አሸናፊው ሀገሩን ተረክቦ ይፎክራል፣ ተሸናፊውንም ይሸነቁጠዋል፣ ከዚያ መልሱን ይናገራል። ስንት ጊዜ ሐረርን፣ ስንት ጊዜ ጎጃምን ሰጥተን ተኝተናል! አሁን አስቡት። የሰጠነው ሀገር በእውነት ቢሄድስ?

ይህ ነው የጎታው ዓለም ሕግ። አንደኛ፣ «እንቆቅልህ» የተባለ ሰው «ምን አውቅልህ» ሳይል ማለፍ አይችልም። ሁለተኛ፣ የተሸነፈ ሰው ይሰጣል፤ የሰጠውን ነገር በጠራበት ስም ያጣዋል። ስሙ ከአፉ ይጠፋል። ከዚያ መልኩ ከዓይኑ ይጠፋል።

ሁለተኛው ሕግ ስም ላይ የቆመው በአጋጣሚ አይደለም። «አስማት» የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው፤ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። ቋንቋችን ምትሃትና ስም አንድ ቤት እንደሚያድሩ ቀድሞ ያውቃል። ይህን ለልጆች ስነግራቸው ለአንድ ሳምንት ያህል የዕቃውን ሁሉ ስም በጥንቃቄ ሲጠሩ ሰነበቱ።

ሕጋችሁን በወረቀት ጻፉና ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉ። አንድ ምዕራፍ በጻፋችሁ ቁጥር ተመልከቱት። እናንተ ስትጥሱት ልጆቹ ይይዟችኋል፤ ይቅርታም አያደርጉም።

ስለ እምነትም ላንሣ። ጥንቆላና መተት የሚሉትን ቃላት በልጅ ታሪክ ውስጥ ማየት የማይወዱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። አከብራቸዋለሁ። ምትሃቱ የቦታው ጠባይ ይሁን፤ ልጆቹ ደግመው የሚሞክሩት ድግምት አይሁን። ቡዳን ደግሞ ባላንጣ አታድርጉ። ይህ ስም ሸክላ ሠሪዎችን፣ ቀጥቃጮችን፣ ቤተ እስራኤላውያንንም ለዘመናት ያስገለለና ያስጠቃ ስም ነው። ከአንባቢዎቻችሁ አንዱ አያቱ በዚህ ስም የተሰደቡ ልጅ ሊሆን ይችላል። ለማስፈራራት ብለን ቁስል መንካት የለብንም።

ዓለሙን ከቋንቋው ፍጠሩት

አሁን ካርታ መሳል ይቻላል። አንድ ትክክለኛ ቦታ ውሰዱና አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። እኔ ለጎታው ዓለም የወሰድኩት በባሌ ያለውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። የወይብ ወንዝ ውስጡን ያቋርጠዋል፤ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃው የጠረባቸው ምሰሶዎች እንደ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ቆመዋል። እኔ የቀየርኩት ሰማዩን ነው። የጎታው ዓለም ሰማይ የደረቀ ጭቃ ነው። ፀሐይ የለም። ዝናብ የለም። ብርሃኑ የሚመጣው ከመሬት ነው፤ ከስንጥቅ ውስጥ የቀሩ የጤፍ ፍሬዎች እንደ ፍም ያበራሉ። ይህ ማስጌጫ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የታሪኩ መፍቻ እዚህ ተቀብሯል።

ነዋሪዎቹን ደግሞ ከምንናገረው አማርኛ አውጧቸው። በቋንቋችን ውስጥ ስንት ፍጡር ተኝቷል! «ጆሮ ጠቢ» ወሬ አቀባይን ለማለት የምንጠቀምበት ቃል ነው። በጎታው ዓለም ግን ጆሮ ጠቢ እውነተኛ እንስሳ ነው። ከኋላ ይመጣል፣ ጆሮ ይጠባል፣ የሰማችሁትን ሁሉ ጠጥቶ ለጌታው ይተፋለታል። «የመስቀል ወፍ» በዓመት አንዴ ብቅ ለሚል ሰው የምንለው ነው። እዚያ ወፏ የልጆቹ መሪ ናት። በዓመት አንዴ ብቻ ነው የምትነቃው፤ ስለዚህ የምታውቀው ወሬ ሁሉ አንድ ዓመት ያለፈበት ነው። ምክሯ ቅን ነው፣ ግን ጊዜው አልፎበታል። ከአንድ ቃል ብቻ ይህን ሁሉ ጠባይ አገኘን። እናንተም አንድ ማታ ቁጭ ብላችሁ የምታውቋቸውን አባባሎች ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱን «እውነት ቢሆንስ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ምግቡም የራሳችን ይሁን። ልጆቹ ሲርባቸው ኪሳቸው ውስጥ ያለው ዳቦ ቆሎ ነው። ተቆጥሮ ይካፈላል። በመቆጠሩም ይጣላሉ።

ባላንጣው

ባላንጣችሁ ክፉ የሆነበት ምክንያት ከእህትና ከወንድም ጉዳይ ጋር ይገናኝ። የእኛ ባላንጣ አገር ሰብሳቢ ይባላል። ጨዋ ሽማግሌ ነው። «ልጆቼ» ይላቸዋል። ቤቱ ግድግዳ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ቅሎች ተሰቅለዋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ በእንቆቅልሽ የተወሰደ ሀገር አለ። ጆሯችሁን ብታስጠጉ አንዱ ውስጥ የደወል ድምፅ ይሰማል። ሌላው ውስጥ በሐረር በር ላይ ሥጋ የሚጠብቁ ጅቦች ይስቃሉ።

ለምን ይሰበስባል? ድሮ ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙ በእንቆቅልሽ ተሸነፈ። የሚሰጠው ሀገር ስላለቀበት ታናሹን ሰጠ። አገር ሰብሳቢ ያ የተሰጠው ልጅ ነው። ይህን ለአንባቢ እስከ በረካ አትንገሩት። እናንተ ግን ከመጀመሪያው ቀን እወቁት፤ የሚናገረው ቃል ሁሉ ከዚያ ይወጣል።

እዚህ ላይ አማርኛ የሚሰጠን ትልቅ መሣሪያ አለ። ልጆቹ መጀመሪያ «እርስዎ» ይሉታል፤ አስተዳደጋቸው ነው። ዮናስ ያደንቀዋል፣ እስከ ቶና ድረስ «እርስዎ» ይለዋል። ሰብለ ግን አንድ ቦታ ላይ ድንገት «አንተ» ትለዋለች። ምንም ሳታብራሩ ልጆቹ ፀጥ ይላሉ። አንድ ተውላጠ ስም ተቀየረ፣ ጦርነቱ ተጀመረ።

ታሪኩን በሦስት ሲኒ ክፈሉት

አቦል ውስጥ ደስታው ይብዛ። ሁለት ምዕራፍ ይበቃዋል። ወፏ፣ የሚያበራው ጤፍ፣ የመጀመሪያው ቀላል እንቆቅልሽ። ዮናስ ይመልሳል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰብለ ቀደመ። ተጨማሪ መጫወት ይፈልጋል። ሰብለ «እንመለስ» ትላለች። እሱ ግን «ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ» ይላታል።

ቶና ረጅሙ ክፍል ነው፤ እኔ አምስት ምዕራፍ ሰጥቼዋለሁ። ጥሉ እዚህ ይፈነዳል። የሲኒው ነገር ይነሣል። «አንተ ሰብረህ እኔን ተቆጡኝ!» ትላለች ሰብለ። ጆሮ ጠቢው ይህን ሁሉ ይጠጣል። አገር ሰብሳቢም ዮናስን ብቻውን ይጠራዋል። ከባድ እንቆቅልሽ ይጠይቀዋል። ዮናስ ይሸነፋል። «ሀገር ስጠኝ።» ዮናስ ስለ ቅሎቹ ያውቃል፤ ጎንደርን ቢሰጥ ጎንደር ይጠፋል። በዚያ ላይ ተናዷል። ከአፉ የወጣው «ሰብለን ውሰዳት» የሚል ነው። ሽማግሌው በዝግታ ፈገግ ይላል። «እህትም ሀገር ናት» ይላል።

ይህን ክፍል ስትጽፉ አትቸኩሉ። ዮናስን ክፉ አታድርጉት። ከመናገሩ በፊት የነበረውን አንድ ሰከንድ ዘርጉት። ከተናገረ በኋላ ስሟን ሊጠራ አፉን ሲከፍት የሚወጣው አየር ብቻ ነው። የእህቴ ልጆች እዚህ ጋ ሲደርሱ መካከለኛው ወደ ታላቅ እህቱ ተጠጋ። ምንም አላለም።

በረካ ሦስት ምዕራፍ ነው። ሁለቱ ልጆች ቀርተዋል። ዮናስ ታላቅ እህት እንዳለው ያውቃል፤ ስሟን ግን ማሰብ አይችልም፣ መልኳም እየደበዘዘበት ነው። ሚጡ ግን «እትዬ የት አለች?» ትላለች። የተሰጠው «ሰብለ» የሚለው ስም ነው፤ «እትዬ»ን ማንም አልሰጠም! ስለዚህ ሚጡ አልረሳችም። ሽማግሌውን ለማሸነፍ እንቆቅልሽ ጠይቀው ማሳጣት አለባቸው። ዮናስ ብዙ እንቆቅልሽ ያውቃል። ግን ሽማግሌውም ያውቃቸዋል። እዚህ ዮናስ በታሪኩ ትልቁን ነገር ያደርጋል። ዞር ብሎ ታናሹን «አንቺ ጠይቂው» ይላታል።

ሚጡ የጠዋቱን ታስታውሳለች። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልሽ።» «በፀሐይ እሱ ይከተለኛል፣ በዝናብ እኔ እሸከመዋለሁ፤ ስሙ ግን አንድ ነው።»

ጥላ ነው። ሽማግሌው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ፀሐይና ዝናብ በሌለበት ኖሯል። ጥላ የለውም። ጥላም ይዞ አያውቅም። «ሀገር ስጠኝ» ትለዋለች ሚጡ። «የትኛውን?» «እትዬን!»

መፍቻው ከየት እንደመጣ ተመልከቱ። የጭቃው ሰማይ፣ የአያት ጥላ፣ የሚጡ አጠራር፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ አንባቢው ፊት ነበሩ። መፍቻ እንዲህ መሆን አለበት። መጨረሻ ላይ ከሰማይ የሚወርድ ሰይፍ ልጁን ያታልለዋል። «ለካስ!» የሚያሰኝ ነገር ግን ታሪኩን እንደገና ከመጀመሪያው እንዲጠይቅ ያደርገዋል።

ምዕራፎቹን መዝጊያ ላይ ደግሞ አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። የእንቆቅልሽ ታሪክ ስለሆነ፣ ማታ ማታ ምዕራፉን በጥያቄው ጨርሱት። መልሱ ነገ ነው። ልጆቹ እያሰቡ ይተኛሉ። በፍርሃት መሀል ከምታቋርጡባቸው ይህ በጣም ይሻላል።

ዓረፍተ ነገሩ

የልጅ ታሪክ የሚጻፈው ለጆሮ ነው። አንድ ምዕራፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ከአሥር ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የመጀመሪያ ረቂቄ ላይ እንዲህ የሚል ነበር፦ «በእጅጉ የተዋበው ምትሃታዊ ዓለም በልጆቹ ፊት ተገለጠ። ልጆቹም እጅግ ተደነቁ።» ምንም አይታይም። እንዲህ ቀየርኩት፦

«ሚጡ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ሰማዩን ነካችው። እንደ እንስራ ቀዝቃዛ ነው። "ሰማዩ ጭቃ ነው" አለች። ማንም አልሰማትም። ሁለቱ ይጨቃጨቁ ነበር።»

ዓለሙም ታየ፣ ሦስቱም ልጆች ታዩ። መደነቅን አትጻፉት፤ የሚያስደንቀውን ነገር ጻፉ።

አማርኛ ሲጻፍ መጥበቅና መላላቱ አይታይም። ይህ ጮክ ብሎ የሚያነብን ሰው ያደናቅፋል። «ጅቡ አለ» ብላችሁ ጻፉና ለሌላ ሰው ስጡት። ጅቡ ተናገረ ወይስ ጅቡ እዚያ ነው? «ጅቡ እዚያ አለ» ወይም «"ግቡ" አለ ጅቡ» ብትሉ አንባቢው አይሰናከልም። ፊደል ገና እየቆጠረ ላለ ልጅ ይህ ጥንቃቄ ትልቅ ነገር ነው።

አነጋገርን ከአባባ ተስፋዬ ሳህሉ ተምሬያለሁ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለብዙ ዓመታት ተረት የነገሩን፣ በ2009 ያረፉት አባት። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ሲሉ እያንዳንዳችን እኛን ብቻ ያዩ ይመስለን ነበር። ስትጽፉ «ልጆች» ለሚባል ብዙ ሕዝብ አትጻፉ። አንድ የምታውቁትን ልጅ ፊታችሁ አስቀምጡና ለእሱ ጻፉ።

ለልጆች አንብቡት

ረቂቁ ሲያልቅ ለአዋቂ ጓደኛ ከመስጠታችሁ በፊት ለልጆች አንብቡት። «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አክስታቸውን ለማስደሰት «አዎ» ይላሉ። ዓይናቸውን እዩ። ብርድ ልብሱን መጎተት የጀመሩበትን ገጽ ምልክት አድርጉበት። በማግስቱ «እስኪ ለእናትህ ንገራት» በሉት። ሲነግራት የዘለለው ክፍል መቆረጥ ያለበት ነው። የጨመረው ነገር ካለ ደግሞ ውሰዱለት። ዳቦ ቆሎው ተቆጥሮ እንዲካፈል ያደረገው የእህቴ የመጨረሻ ልጅ ነው።

ታላላቆቹና ታናናሾቹ አብረው ሲሰሙ ለየትኛው እንደምታዳሉም እዩ። እኔ ራሴ ታላቅ ስለሆንኩ ረቂቄ ሁሉ ለሰብለ ይፈርድ ነበር። መካከለኛው ልጅ «ዮናስ ለምን ሁልጊዜ ይሳሳታል?» ሲለኝ ነው የነቃሁት። «አንቺ ጠይቂው» የምትለዋን ቦታ የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የመመለሻው ገጽ

ሲመለሱ የዕጣኑ ጭስ ገና አልጠፋም። በረካው እየተቀዳ ነው። ማንም መሄዳቸውን አላወቀም። አያት ሲኒዎቹን ይቆጥራሉ፤ አንድ ጎድሏል። እንደገና ወደ ሰብለ ይዞራሉ። ያኔ ዮናስ «እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ እማማ» ይላል። እዚህ ምንም ምትሃት የለም። ማንም ስለ ይቅርታ ንግግር አያድርግ። ሰብለ ኪሷ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ዳቦ ቆሎ አውጥታ ለሁለት ትሰብራታለች። ሚጡ «ለእኔስ?» ትላለች። ታሪኩ እዚያ ይቁም። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላችሁ መብራቱን አጥፉ።

የእኔዎቹ ግን አልተኙም። ታላቂቱ በጨለማ ውስጥ «አክስቴ፣ ጳጉሜ ስድስት ስትሆንስ?» አለችኝ። በ2015 ስድስት ነበረች፤ በ2019 ደግሞ ትሆናለች። በዚያች ስድስተኛዋ ቀን በጎታው በር ማን እንደሚወጣ እነሱ አንድ ሐሳብ አላቸው፣ እኔ ሌላ። ደብተሩን ከፍተናል፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአገር ሰብሳቢን ታላቅ ወንድም ስም እየፈለግን ነው።